ከደጅ ሰማያዊ፣ ከቤት ቢጫ

እኔ አመተሥላሴ ቁጣዬ ከእግሬ ይቀድማል። ይህን መንዝ ሞላሌ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ከነበረም ባለፈው ሰኔ አውቆታል። ምንም ያልበደለኝን ሰው ገበያ መሐል ቆሜ «ሌባ!» ብዬ የጮህኩበት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራው እኔው ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞም ዛሬ ማታና ጠዋት ስሙን አንስቼ የማመሰግነው ሰው ቢኖር ያ «ሌባ» ያልኩት ሰው ነው።

ነገሩ የእናቴ ዶቃ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ማተቧ ላይ የምታስረው አንድ ዶቃ ነበራት፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ አያቴ ደግሞ ከመርሐቤቴ ቆላ ወደ መንዝ ስትዳር አንገቷ ላይ አድርጋው መጣች ይባላል። ሁልጊዜ ከልብስ ሥር ነው የሚውለው። እኔም ልጅ ሆኜ ያየሁት፣ እሳት ዳር ተቀምጠን ፀጉሬን ስትሠራኝ አንገትጌዋ ገለጥ ሲል ነው። ላዩ በቅቤና በላብ ጠቁሯል፤ በእሳቱ ብርሃን ውስጡን ሲያዩት ግን ቢጫ ነው፣ የጠራ ማር። መሐሉ ላይ የገብስ ፍሬ የምታክል ስንጥቅ አለችው።

እናቴ ዓምና በጥቅምት ስታርፍ ዶቃውን ከአንገቷ የፈታሁት እኔ ነኝ። መሬቱም በጉም ለወንድሞቼ ደረሰ፤ አልተቀየምኩም። ለእኔ ዶቃው በቃኝ። ከጥቁር ልብሴ ሥር እየዳሰስኩ፣ ሲከፋኝም ሲደላኝም «እማዬ» እለዋለሁ። ሰው ሰምቶ ቢስቅ ይሳቅ፣ ምን ተዳዬ!

ጣጣው የመጣው የዶቃው ቀዳዳ አፉ መሸረፍ ሲጀምር ነው። አንድ ቀን ክሩን በጥሶ ወድቆ ሳላየው ቢቀርስ ብዬ ልቤ አላርፍ አለኝ። ስለዚህ ሞላሌ ሰላሃዲን ዘንድ ወሰድኩት።

ሰላሃዲን ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሬዲዮም ይጠግናል፣ የጆሮ ጌጥም ይበይዳል፣ የተሰበረ መነጽርም ያቆማል። አባቱ ከቆላው ከተማ ወጥተው በዚያችው ሱቅ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ እሱም እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ሀስናን አግብቶ፣ እዚሁ ልጆች ያፈራ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ ላስቲክ ተጋርዶበት እኩለ ቀንም ቢሆን አምፖል ካልበራ እጅህን አታይም። ሰው ዕቃውን ሲሰጠው ወረቀት አይጠይቅም። የሟች ባሏን ሰዓት እሱ ዘንድ አስቀምጣ የምትሄድ አለች፤ የጋብቻ ቀለበቱን ትቶ ወር ቆይቶ የሚመጣ አለ። የሰላሃዲን እንጀራው ስሙ ነው።

ዶቃውን እጁ ላይ መዘን አደረገና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ አይመስለኝም፤ በጣም ቀላል ነው» አለኝ። «አምበር የሚሉት ይሆናል። ወንጭት ገደል ውስጥ ይቆፍሩታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አምበርም ይሁን ቀንበር፣ አንተ አፉን ብቻ አጥብቅልኝ» አልኩት። ሳቀ።

በአራተኛው ቀን ሄድኩ። በሁለቱም አፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የብር ክፈፍ አበጅቶለታል። የስንት ዘመን ቅቤና ጥላሸት አጥቦ ወልውሎታል። አምፖሉ ሥር ይዞ አሳየኝ። አቤት! ያው ቢጫው ነው፣ እንዲያውም ጠርቶ። ያቺ የገብስ ፍሬም አለች። ሳምኩት። «እጅህ ይባረክ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ» ብዬ መርቄው፣ አንገቴ ላይ አስሬ ወጣሁ።

የሰኔ መባቻ ነው፤ ዝናቡ ገና አልገባም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ከሚሸጥበት ጥግ ጎረቤቴን ጌታነሽን አገኘኋትና ልታይልኝ ብዬ አንገትጌዬን ከፈት አድርጌ ዶቃውን ጥቁር ቀሚሴ ላይ አሳረፍኩት። ፈገግ ብሎ የነበረው የጌታነሽ ፊት ተለወጠ።

«አመቴ፣ ቢጫ ነው ስትይኝ አልነበር?»

ዝቅ ብዬ አየሁ። በስመ አብ ወወልድ! ሰማያዊ ነው። ውሃ ላይ ናፍጣ ሲፈስ የሚያወጣው ዓይነት ሰማያዊ። ክው አልኩ።  ያን ጊዜ የታየኝ እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሞት ነው። ከዚያ በኋላ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በምን አላውቅም፤ ብቻ ሰላሃዲን ሱቅ ፊት ቆሜ እጮሃለሁ።

«ሌባ! የእናቴን ዶቃ ለወጥክብኝ! ውጣ! የሞተ ሰው የምትሰርቅ!»

ገበያው በአንድ አፍታ ከበበን። ሰላሃዲን ያቺን ሰዓት ማያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ ሮጦ ወጣ። ዶቃውን ከአንገቴ ሳልፈታ አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። አየው። ደግሞ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ . . . ይሄ እኔ የሰጠሁዎት አይደለም» አለ።

«ሰማችሁ? በገዛ አፉ!»

እሱም እንደ እኔው በአምፖል ብቻ ነው ያየው፤ አጥቦ ወልውሎ ያስረከበኝ ቢጫ ነው። ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? «እስቲ ይግቡና ከውስጥ እንየው» ቢለኝ፣ «ደግመህ ልትለውጥብኝ ነው!» ብዬ እያለቀስኩ እሪታዬን አቀለጥኩት። ሁለት እርምጃ ብገባ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልገባሁም። እልኸኛ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት፣ ምን ላድርግ!

ቤቴ ስደርስ ዶቃውን ፈትቼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ሙዳይ ውስጥ ወረወርኩት። ዓይኔ እንዲያየው አልፈለግሁም። አንገቴ ባዶ ሆኖ አደርኩ፤ እጄ ግን እየሄደ ይፈልገዋል።

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። ዳኛው አቶ ገሠሠ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚያልቅለት። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ዶቃውን ከጨርቁ ፈትቼ ፀሐዩ ላይ አስቀመጥኩት። ሰማያዊ። ሽማግሌዎቹ ተቀባብለው አዩት፤ ማን ቢጫ ይለዋል?

«ቃሌ አንድ ነው» አልኩ። «አልለወጥኩም፣ ይህም ከእጄ አልወጣም ብሎ በቁርአኑ ይማልልኝ። ከማለ እኔም ይህን ሰማያዊ ሰይጣን እዚሁ በድንጋይ አድቅቄ ለነፋስ እሰጠዋለሁ፤ ነገሩም ይለቅ። ካልማለ ግን ሌባ ነው።»

ሰው ሁሉ ይምላል ብሎ ጠበቀ። መማል ምን አለበት? ቃል ነው፤ ምሎ ነጻ ይወጣል። ሰላሃዲን ግን ዶቃውን በሁለት ጣቱ አንስቶ ብዙ አገላበጠው።

«አልለወጥኩም፣ እሱን እምላለሁ» አለ። «ግን ይሄ ብር የእኔ ሥራ ነው፤ ሥራዬን አውቃለሁ። ድንጋዩን አላውቀውም። ከእጄ አልወጣም ብዬ ልምል አልችልም። ጊዜ ስጡኝ።»

ጉድ ፈላ! የራሱን ብር ለይቶ፣ ድንጋዩን አላውቀውም! ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ለሐምሌ መግቢያ ቀጠሩን። ሰው ግን ያን ዕለት ፈርዶ ነው የተበተነው።

በማግሥቱ ሰዓቱን የሚወስድ፣ ቀለበቱን የሚወስድ ሱቁን አጨናነቀው። በአጠገቡ ሳልፍ አየሁት። ያልጨረሰውን እንኳ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠርጎ ይሰጣቸዋል። ሀስና በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ዕቃ እየሸከፉ ነው፣ ቆላ ሊወርዱ ነው የሚል ወሬ መጣ። «የእጁን አገኘ!» አልኩ ጮክ ብዬ። በሱቁ በኩል ማለፉን ግን ተውኩ።

የቀጠሮው ቀን ከጽዱ ሥር ገና እንደተቀመጥን ጭጋግ ወረደ፣ ከዚያ በረዶ። እንዴት ያለ በረዶ! ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ ሲሮጥ ማየት ነው። ሁላችንም አቶ ገሠሠ ቤት ገባን። የድንጋይ ቤት ነው፤ በሩ ሲዘጋ ድፍን ጨለማ ሆነ። ባለቤታቸው ጧፍ ለኮሱልንና አጠገቤ ምሰሶው ላይ ሰኩት።

ሌላው በረዶውን ከልብሱ ሲያራግፍ እኔ ቋጠሮዬን ፈታሁ። ለምን እንደፈታሁት እንጃ፤ ከማድቀቄ በፊት አንድ ጊዜ አይቼ ልጥላው ብዬ ይሆናል።

ቢጫ ነው።

የጠራ ማር። መሐሉ ላይ የገብስ ፍሬ የምታክለዋ ስንጥቅ። አፉ ላይ የሰላሃዲን ብር። የእናቴ ዶቃ ነው፣ እኔው የያዝኩት፣ እኔው ከሙዳይ ያወጣሁት፣ ማንም ያልነካው።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ቀና ብል ማንም አላየኝም። አሁን የምናገረውን ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁ፣ ለእናንተም እነግራለሁ፦ ጨበጥኩት። ጨብጬው አሰብኩ። «ለእግዚአብሔር ስል ይቅር ብዬዋለሁ፣ መሐላውም ይቅር» ብል ማን ያውቃል? ሽማግሌው ይመርቀኛል፤ «አመተሥላሴ እንዲህ ያለች ልበ ሰፊ ናት?» ይባላል። ዶቃዬም በእጄ ነው። እሱ ደግሞ ይቅር የተባለ ሌባ ሆኖ ይኖራል። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

ሰላሃዲን ቀደመኝ። ጫማው ጭቃ ነው ብሎ በሩ ሥር አውልቆ በባዶ እግሩ ቆሟል፤ ውሃ ከፀጉሩ ይንጠባጠባል።

«አባቶቼ» አለ፣ «እኔ አልምልም። ስሜ ከጠፋ ጠፋ፤ ከሞላሌ እሄዳለሁ፣ ሀስናም ተስማምታለች። አንድ ነገር ብቻ ለምኑልኝ። እትዬ ድንጋዩን እንዳይሰብሩት። ያልገባን ነገር አለበት። ከሰበሩት በኋላ ቢገባንስ?»

«እማዬ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ደነገጠ፤ ያበድኩ መስሏቸዋል። ተነስቼ እጄን ጧፉ ሥር ዘረጋሁ። «ኑ እዩ! ቢጫ ነው! አልለወጠውም! እኔ ነኝ የዋሸሁት! ምላሴ ይቆረጥ!»

አቶ ገሠሠ ከእጄ ወስደው አዩት።  በረዶው ጋብ ብሎ ነበርና በሩን ከፍተው ዶቃውን ይዘው ወጡ። ፀሐዩ ከደመናው ብቅ ብሏል። «ሰማያዊ!» ሲሉ ከውጭ ሰማን። ተመልሰው ገቡ፤ «ቢጫ!» ወጡ፤ «ሰማያዊ!» ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ አራት ጊዜ ወጥተው ገቡ። አምስተኛውን ባለቤታቸው «ኧረ ይብቃዎት፣ ያዳልጥዎታል» ብለው ጋቢያቸውን ያዙ።

ሰላሃዲን ስልኩን አወጣ። አባይነህ የሚባል፣ መርሐቤቴ ወንጭት ገደል ውስጥ አምበር የሚቆፍር ደንበኛ አለው። እስከዛሬ አልደወለለትም፤ ድንጋይ ራሱን ይለውጣል ወይ ብሎ ማን ይጠይቃል? ድምፁን ከፍ አድርጎ መሐላችን አስቀመጠው።

አባይነህ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። «ሰማያዊው ነው እኮ! እኛ ስንት አፈር ገልብጠን አንዲት አናገኝም።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አቶ ገሠሠ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው እየጮሁ።

«ሙጫ ነው አባቴ። ዛፍ ሲቆስል ይደማ የለ? ያንን ጎርፍ ወስዶ፣ ደለል ጭኖበት፣ ከሥር ከርሞ ጠጥሮ ነው አምበር የሚሆነው።»

«በየትኛው ንጉሥ ጊዜ?»

«ኧረ ንጉሥ የለም! ሰውም የለም! እዚህ የሚመጡት ባለሙያዎች በሚሊዮን ዓመት ነው የሚቆጥሩት።»

አቶ ገሠሠ አማተቡ። ሰላሃዲን «ሰማያዊነቱስ ከምን መጣ?» አለ።

«እሱ ላይ ባለሙያዎቹም ገና አልተስማሙም። ይሄ አገራችን ያለው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ አንድ ጊዜ የፈሰሰ እሳት ነው አይደል? የዚያ ሙቀት ሙጫውን አብስሎት ነው የሚል አለ፤ የለም፣ ደኑ ተቃጥሎ ነው የሚልም አለ። ብቻ ውስጡ የቀረ ነገር አለ፤ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይናችን የማያየውን ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። ጧፍና አምፖል ያ ብርሃን የላቸውም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ቢጫ ነው። ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይብስበታል።»

ሁሉም ወደ ጥቁር ቀሚሴ ዞሩ።

«ታዲያ ለእናቷ ለምን አልታየም?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ቅቤውና ጥላሸቱ ሸፍኖት ነዋ» አለ ሰላሃዲን ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

ያን ጊዜ እንባዬ እንደገና መጣ። እናቴ ዕድሜ ልኳን አንገቷ ላይ አስራ ይህን ሰማያዊ ሳታየው አለፈች። እኔ ያየሁት ይህ ሰው አጥቦ ስለገለጠልኝ ነው፤ ለዚህ ነው ሌባ ያልኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ኧረ እትዬ፣ ኧረ በአላህ!» እያለ በሁለት እጁ አነሳኝ። ሽማግሌዎቹ ካሳ ሊቆርጡብኝ ሲሉ እሱ እንቢ አለ፤ እኔ ግን ካሳዬን አውቀዋለሁ።

በገበያ ቀን፣ ሰው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ያን ዕለት በቆምኩበት ቦታ ቆምኩ። ጉሮሮዬ መጮህ ያውቅበታል፤ ለምን አንድ ቀን ለበጎ አይውልም? «ሌባ ያልኩት ሰው ሌባ አይደለም! ሐሰተኛዋ እኔ ነኝ! ኑ እዩ!» እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ እጁን ይዤ ከፀሐዩ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ፀሐዩ አስገባሁ አስወጣሁ። ጌታነሽን ሦስት ጊዜ። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት ተመለሰ፤ አንዲት ሴት የባሏን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወረቀት ሳትጠይቅ ሄደች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሀስና ከጓዳ ብቅ ብላ የተሸከፈውን ካርቶን አየችው፣ መልሳ ትፈታው ጀመር።

ገበያው ሲበተን ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። የሚከነክነኝን ሳልጠይቀው ልሄድ አልቻልኩም።

«ሰላሃዲን፣ እውነቱን ንገረኝ። ገበያ መሐል ሳዋርድህ ለምን መልሰህ አልሰደብከኝም? ራሷ ለውጣ ነው ብትል እኮ ግማሹ ሰው ያምንህ ነበር።»

የያዘውን ሰዓት አስቀምጦ አየኝ።

«ያን ቀን ሲያለቅሱ አየሁዎት እትዬ። የሚዋሽ ሰው እንደዚያ አያለቅስም። እርስዎ እንዳልዋሹ አወቅሁ። እኔም እንዳልዋሸሁ አውቃለሁ። እንግዲህ የቀረው ድንጋዩ ነበር፤ እስኪናገር ጠበቅሁት።»

 እኔ ሌባ እያልኩት እሱ እኔን አምኖኝ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብቻ ብዬው፣ ሀስና ካርቶኑን ስትፈታ ላግዛት ወደ ጓዳ ገባሁ።